«ተቀበል!» ሲባል የማይቀበል ዘፈን፦ ስለ ጎንደርኛ ትርጉም የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን «ጎንደርኛ የሚባል የሙዚቃ ዓይነት የለም» ሲል የጻፈውን ሁላችንም አንብበናል። ያላነበበ ቢኖር እንኳ ምሳ ሰልፍ ላይ ሳይሰማው አልቀረም። ጽሑፉ የሚናቅ አይደለም። ነገሩን በድፍረት አንሥቷል፤ ማነጻጸሪያም ይዞ መጥቷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው፦ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በሜምፊስና በአትላንታ ጭፈራ ቤቶች ያደገ «ክራንክ» የሚሉት የሂፕ ሆፕ ቅርንጫፍ አለ። የዚያ ሙዚቃ ምቱ ይታወቃል፣ ማሽኑ ይታወቃል፣ ጩኸቱ ይታወቃል። የኛው ጎንደርኛ ግን አንድም የተቆረጠ መለኪያ የለውም። ስለዚህ ስሙ ድሮ የካሴት ነጋዴው፣ ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው ሁሉ እንዳሻው የሚለጥፈው ወረቀት ነው። «ወይ ተርጉሙት፣ ወይ ተዉት!» ይለናል።

እኔ ልተረጉመው ነው የተነሣሁት። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይኽ ጥያቄ ባለፈው ዓመት ቀርቦልኝ ቢሆን ኖሮ መልሴ ቀላል ነበር። «ማሲንቆ ካለ ጎንደርኛ ነው፤ ኦርጋንና ሞንታርቦ ከገባ ግን አለቀለት» እል ነበር። ይህንንም ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክሬበታለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ግንቦት ላይ ኮሶዬ የሄድኩበት ሰርግ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የጓደኛችንን ምሳሌ ራሱን እንመርምረው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።

ለመሆኑ የክራንክ መለኪያ እውነት ያን ያህል የተቆረጠ ነው? ምት ቢባል፣ ዝግ ያለና ከባድ መሆኑ እርግጥ ነው። ዳሩ ግን ዝግ ያለና ከባድ ምት ያለው የደቡብ ራፕ ሁሉ ክራንክ አልተባለም። ማሽን ቢባል፣ ሮላንድ 808 የተባለው የከበሮ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ የቀረበ የጃፓን ሥራ ነው፤ ደቡቦቹ የራሳቸው ከማድረጋቸው በፊት ኒውዮርኮቹ ተጫውተውበታል። ጩኸት ቢባል፣ ጩኸት በሮክም ሞልቷል። ታዲያ የሜምፊሶቹ ስሪ ሲክስ ማፊያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጧቸውን ዘፈኖችና የአትላንታው ሊል ጆን ከኢስት ሳይድ ቦይዝ ጋር በ2002 ያወጣውን «ኪንግስ ኦፍ ክራንክ» የተባለ አልበም በአንድ ስም የሚያስጠራቸው ምንድን ነው? ቃሉን ራሱን እንየው። ክራንክ የሙዚቃ ስም ከመሆኑ በፊት በደቡቡ ወጣት አነጋገር ሞቅ ማለትን፣ መጋልን የሚገልጽ ቃል ነበር። እኛ «ቤቱ ሞቀ»፣ «ሰርጉ ጋለ» እንደምንለው መሆኑ ነው። እንግዲህ ስሙ የወጣው ከማሽኑ ሳይሆን ማሽኑ በሰው ላይ ከሚያመጣው ነገር ነው። ዘፋኙ አንድ አጭር ሐረግ ይጮኻል፤ ቤቱ ይመልሳል። ዘፋኙ ይደግማል፤ ቤቱ ይብስበታል። ዘፈኑ የተሠራው ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሳይሆን ተነሥቶ ለሚመልስ ነው።

ከዚያው ከደቡብ ይበልጥ የሚያስገርም ምሳሌም አለ። በኒው ኦርሊንስ «ባውንስ» የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአብዛኛው የቆመው «ድራግ ራፕ» ከተባለ የ1986 ሸክላ ላይ በተቆረጠ ምት ነው። ያን ሸክላ የሠሩት ሾውቦይስ ግን የኒው ኦርሊንስ ልጆች አይደሉም፤ የኒውዮርክ፣ የኩዊንስ ልጆች ናቸው። ምቱ የኒው ኦርሊንስ ሊሆን የቻለው የዚያ አገር ሰው ስለመለሰለት ነው። ዘፋኙ የየሰፈሩን ስም እየጠራ «የት አላችሁ?» ሲል፣ የተጠራው ሰፈር ደግሞ «አለን!» ሲል ሸክላው ዜግነቱን ቀየረ። ጓደኛችን እንግዲህ የመረጠው ምሳሌ ለኔ ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጎንደርኛን ለመተርጎም ብዙውን ጊዜ አራት መለኪያ ይቀርባል።

አንደኛው ምት ነው። ችክችካ የምንለው ትከሻ የሚያነሣው ምት ጎንደርኛ ውስጥ መኖሩ አያከራክርም። ነገር ግን ጎጃምኛውም ይጋልበዋል፣ ወሎኛውም ይጋልበዋል፣ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀዳው ተራ የፍቅር ዘፈንም ይጋልበዋል። ሁለተኛው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሁላችንም ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ሆነው ሳለ፣ ጎንደሬ አዝማሪ አምባሰል በተጫወተ ቁጥር ወሎዬ ሆነ የሚል የለም። ሦስተኛው መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ሸዋም ጎጃምም ወሎም አለ፤ ትግራይም ጭራ ዋጣ ብሎ ይጫወተዋል። በሌላ በኩል እንደ ፋሲል ደሞዝ ያለ የጎንደር ድምፃዊ ከባንድና ከኪቦርድ ጋር ሲዘፍን «ይኼ ጎንደርኛ አይደለም» ብሎ የተነሣ ሰው አላጋጠመኝም። አራተኛው ግጥም ነው፤ ማለትም የቦታ ስም። ወገራ፣ ደምቢያ፣ አርማጭሆ፣ ቋራ ተብሎ ከተደረደረ ጎንደርኛ ሆነ የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነማ መናኸሪያ ቆሞ «አምባ ጊዮርጊስ! ዳባት! ደባርቅ!» እያለ የሚጮኸው የአውቶቡስ ረዳት ከሁሉም የበለጠ ዘፋኝ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከጓደኛችን ጋር አንድ ነን። አራቱም መለኪያዎች ወድቀዋል። የምንለያየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እሱ «መለኪያዎቹ ስለወደቁ ነገሩ የለም» ይላል። እኔ ደግሞ «የተለካው የዘፋኙ ወገን ብቻ ስለሆነ ነው የወደቁት» እላለሁ። የሰሚውን ወገን ማን ለካ?

እስቲ ሽለላን እንውሰድ። ሽለላና ፉከራ የቃል ነገር ነው፤ ሰው ቆሞ ጀግንነቱን የሚናገርበት፣ ሌላው ደም የሚሞቅበት። ሳክስፎን ደግሞ የቤልጅግ ሰው የሠራው የነሐስ ዕቃ ነው። ሆኖም ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሽለላን በሳክስፎን መንፋት ሲጀምር፣ ቃሉን አውጥቶ ትንፋሹን አስቀረ። ማሲንቆ የለ፣ ግጥም የለ፣ የቦታ ስም የለ። ከጓደኛችን መለኪያ አንዱንም አያሟላም። ነገር ግን ያ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ሰው ወንበሩ ላይ አይረጋም፤ አያቱ የት ላይ «ዘራፍ» ይሉ እንደነበር ጆሮው ያውቀዋል። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ቅጹን ለብቻው ለእሱ ሥራ ሰጥቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ አጅቦት «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም አወጣ። ጌታቸው በ2016 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ ሽለላው ግን ሽለላ እንደሆነ ነው። ሽለላ ያደረገው ነሐሱ አይደለም፤ ሰሚው ሊገባበት የሚችል በር መተዉ ነው።

አሁን ኮሶዬ እንግባ።

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ደጋ ነው። ቱሪስት ቆሞ ጭላዳ የሚያይበት፣ እኛ ደግሞ ብርድ የምናይበት አገር ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው የተዳረችው። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቆሞ ሸራ ለብሷል፤ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል፤ ሁለት ሞንታርቦ ግራና ቀኝ ተገትረዋል። የተጠሩት ተጫዋቾች ሁለት ናቸው። አንዱ ከከተማ የመጣ፣ ጥብቆው የነጣ፣ ዕድሜው የገፋ ባለ ማሲንቆ ነው፤ ማሲንቆው ላይ ማይክራፎን አስሯል። ሁለተኛው ጃኬት የለበሰ ባለ ኦርጋን ወጣት ነው። እኔ ወዲያው ወገኔን ለየሁ። «ያ የኛ ነው፤ ይኼኛው አበላሽ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለ ማሲንቆው ጀመረ። የዓመቱን ዝነኛ ዘፈን ከነቃሉ፣ ከነማቋረጫው፣ ልክ እንደ ቅጂው አወረደው። ምቱ ከፍላሽ ነበር የሚመጣው። ወጣቱ ሁሉ ተነሣ፤ አልዋሽም፣ እኔም ተነሣሁ። በመሐል የሙሽራዋ አያት፣ የኔም አያት፣ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ፊት መጡና «ተቀበል!» አሉ። ባለ ማሲንቆው ፈገግ አለላቸው፤ ዘፈኑንም ቀጠለ። አያቴ ድጋሚ «ተቀበል!» አሉ። ምቱ አልቆመም። ሦስተኛ አላሉም። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውንም ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

ከተማ ላደገ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። «ተቀበል» ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው። አዝማሪ ባለበት ቤት ማንም እንግዳ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፣ ቤቱ ይደግመዋል። ደሃም ይሰጣል፣ ሎሌም ይሰጣል፣ ሴትም ትሰጣለች። በአደባባይ ቃል የማይሰጠው ሰው እዚያ ላይ ቃል ያገኛል። አያቴ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚናገሩት እዚያ ላይ ነው።

ተራው የባለ ኦርጋኑ ሆነ። ልጁ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ወደ አያቴ ዞሮ «እማማ፣ ቅድም የጀመሩትን ይበሉት» አላቸው። ቀጥሎም ያልጠበቅሁትን አደረገ። ፍላሹን ነቀለው። ምቱን አጠፋውና አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይዞ ዝም አለ። ዳሱ ጸጥ አለ፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ቀረ። አያቴም ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

የኮሶዬ ጉም ሆይ ቶሎ አትገለጥብኝ፣
የሄደችበትን መንገድ አታሳየኝ።

ልጁ ተቀበለ። አንዴ በቀጥታ፣ ሁለተኛ ጊዜ «መንገድ» የሚለውን ቃል እየጎተተ ተቀበለ። ሴቶቹ ከኋላ አነሡት። ጭብጨባው ቀስ ብሎ መጣ። ልጁም ምቱን ሲመልሰው ጭብጨባውን አስከትሎ ሳይሆን ጭብጨባውን ተከትሎ ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ባለ ማሲንቆም ብድግ ብሎ ገባበት። ወይ ጉድ! ያ ሰው እኮ ሊቅ ነው። ፍላሹ ስለተነቀለ እጁ ተፈታ። የቅድሙ ዝምታው ንቀት አልነበረም፤ ምቱ የማያቆምለት ሰው እንዴት አድርጎ ይቀበል? አያቴ ሦስት ግጥም ሰጡ፣ ሌሎች አምስት ሴቶች ተከተሉ፣ ሙሽራዋ አለቀሰች፣ ዳሱ ጋለ።

እኔ የተሸነፍኩት እዚያ ላይ ነው። ማሲንቆው እያለ ጎንደርኛ ጠፍቶ ነበር፤ በኦርጋን ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ትርጉሜ ይኸውና፦ ጎንደርኛ ማለት ሰሚው ተራ ያለው ዘፈን ነው፤ ተራው ሲደርስ በየት እንደሚገባ የሚያውቀውም የጎንደር ሰው የሆነ ዘፈን ነው። ምት፣ ቅኝት፣ መሣሪያና ግጥም የዚህ አገልጋዮች ናቸው። ቅርፁን እየለኩ ይዘቱን መፈለግ ገበሬው ጠላውን ጥሎ ጋኑን ይዞ እንደሚሄድ ነው።

ይህንን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ልብ በሉ፣ «ትግርኛ»፣ «ኦሮምኛ»፣ «ጉራጊኛ» ስንል የቋንቋ ስም ነው። «ጎንደርኛ»፣ «ጎጃምኛ»፣ «ወሎኛ» ግን ቋንቋ አይደሉም፤ የሦስቱም አገር ቋንቋ አማርኛ ነው። ታዲያ ሕዝቡ ለዘፈንና ለጭፈራ ስም ሲያወጣ ለምን በቋንቋ ስም ቅርፅ አወጣው? ዘፈኑን እንደ ንግግር ስለሚያየው ነው። ንግግር ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» ሲል ስሙን ያወጣው ሠሪው ነው። እነ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉም ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ራሳቸው ጠርተውታል። ይኽ ነውር የለበትም። ጎንደርኛን ግን እንዲህ ብሎ የጠራው ሰሚው ነው። ስም ያወጣለት ሰሚው ከሆነ፣ ትርጉሙንም ከሰሚው ዘንድ መፈለግ ይገባናል።

ከዚህ ትርጉም የሚወጣ የሒስ መለኪያ አለ፤ ለኔ ዋናውም ይኸው ነው። አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር «ማሲንቆ አለው ወይ?» ሳይሆን «የኔ ተራ የቱ ላይ ነው?» ብለን እንጠይቅ። በዚህ ዓይን ስናይ በየምሽት ቤቱ «ጎንደርኛ» ተብሎ ከሚከፈተው ብዙው ያሳፍራል። እልልታው ተቀድቶ ከዘፈኑ ጋር ይመጣል። ጭብጨባው ተቀድቶ ይመጣል። «ሆ!» የሚለው ሕዝብ ስቱዲዮ ውስጥ በሁለት ልጆች ድምፅ ተባዝቶ ይመጣል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው! ለኛ የቀረልን ምንድን ነው? ትከሻችንን ማንቀሳቀስና ሒሳብ መክፈል ብቻ።

ፉከራው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ድሮ የሚፎክር ሰው የሠራውን ነው የሚናገረው፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ፊት ለፊቱ አሉ፤ ቢዋሽ ይታዘቡታል። ፉከራ በምስክር የታጠረ ቃል ነበር። ዛሬ በዘፈኑ ሁለተኛ ደቂቃ ላይ የሚገባው ፉከራ ምን የሠራ ሰው ፉከራ ነው? ማንንስ ይፈራል? የእውነት ተኩስ በሰማንባቸው በነዚህ ዓመታት፣ ባለቤት የሌለው ፉከራ በቢራ መሐል ሲጮኽ ሰምቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሐሳቤ ፉከራ ይከልከል አይደለም። ምስክሩ ይመለስለት ነው የምለው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ «እንዲህማ ከሆነ የተቀዳ ዘፈን ሁሉ ጎንደርኛ ሊሆን አይችልም» ይባላል። አይደለም። የተቀዳ ዘፈን ክፍት ቦታ ሊተው ይችላል። የሜምፊስና የአትላንታ ልጆች ይህን አሳይተዋል፤ ዘፈናቸው ሲከፈት ዘፋኙ በቦታው ባይኖርም ቤቱ መመለስ እንዳለበት ያውቃል። የኛም ቀጂዎች እልልታውን አውጥተው አራት ምት ያህል ባዶ ቢተዉልን፣ እልልታውን እኛው እንሞላው ነበር። ባዶ ቦታ ዋጋ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ «ይኽ ትርጉም ጎጃምኛንም ወሎኛንም ያስገባል» ይባላል። እውነት ነው፣ ያስገባል። መመለስ የሦስቱም ባሕርይ ነው፤ የሚለያዩት በምላሹ ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ አፉን ሲከፍት ጎጃሜ ይሁን ጎንደሬ በቃናው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ዘፈኑም በሚመልሰው ሰው ቃና ይታወቃል። ድንበሩ በአጥር አይታይም፤ ወገራ ላይ የሚገባበትና ደምቢያ ላይ የሚገባበት እንኳ ይለያያል። ድንበሩ ስለማይታይ አገሩ የለም ማለት ግን፣ ጉም ስለሸፈነው ገደል የለም ብሎ እንደመራመድ ነው። ኮሶዬ ያደገ ሰው እንዲህ አይራመድም።

ጓደኛችን ለዚህ መልስ እንደሚጽፍ ተስፋ አለኝ፤ የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው። ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ነገር እለምነዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ወደ ፒያሳ እንውጣና አንዱ አዝማሪ ቤት እንግባ። ጠላውን እኔ እከፍላለሁ። ሲጋጋል ይነሣና «ተቀበል!» ይበል። ከተቀበሉት፣ ጎንደርኛ አለ። ካልተቀበሉት ግን፣ የለም የሚለው ጽሑፉ ያን ጊዜ እውነት መሆን ይጀምራል፤ ያን ጊዜ አብረን እናዝናለን።